አሥር ዓመት ለሁለት አንቀጽ፦ ፌይዝ ባንድለርን የምታውቁ አላችሁ?

ሐመልማል ዘሜልቦርን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ለአቦርጂናል ሕዝቦች፣ ለአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ማለት ነው፣ መብት የታገለ አንድ ሰው መርጠው እንዲጽፉ ነው የታዘዙት። ማታ አብረን ማንበብ ጀመርን። እሷ ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጣላት። እኔ ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከወንበሬ አልተነሳሁም። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ይቺን ሴት አለማወቄ ቆጨኝ። ፌይዝ ባንድለር ትባላለች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ነገሩ ከአባቷ ይጀምራል። አባቷ የአምብሪም ደሴት ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ቫኑዋቱ የምንላት አገር ውስጥ ነው። በ1883፣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ፣ በመርከብ ተወስደው ኩዊንስላንድ በምትባል የአውስትራሊያ ክልል ውስጥ ማካይ አካባቢ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ተጣሉ። ብቻቸውን አልነበሩም። ከ1863 ጀምሮ በአርባ ዓመት ውስጥ ከፓስፊክ ደሴቶች ወደ 62 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለዚሁ ሥራ መጥቷል። አንዳንዱ ፈርሞ፣ አንዳንዱ ተታሎ፣ አንዳንዱ ታፍኖ። አባቷ ከእርሻው አምልጠው ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተሻገሩ። እዚያ አገቡ፣ ትንሽ የሙዝ እርሻ ያዙ። ፌይዝ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1918 ተምበልገም በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ተወለደች። አባቷ ሲሞቱ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እንዴት እንደተወሰዱ ለልጆቻቸው ያወሩት ወሬ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖሯል።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ገደማ ሲድኒ ገባች፣ ልብስ ስፌት ተማረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወንዶቹ ስለዘመቱ ሴቶች በእርሻ ሥራ ተመለመሉ። ፌይዝም ገባች። ፍራፍሬ እየለቀመች ሳለ አንድ ነገር አስተዋለች። አጠገቧ የሚለቅሙት አቦርጂናሎች ለዚያው ለአንድ ዓይነት ሥራ የሚከፈላቸው ከነጮቹ ያነሰ ነው። ጦርነቱ አልቆ በ1945 ስትሰናበት ያንን ይዛ ወጣች። እኩል ሥራ ለሠራ እኩል ይከፈል የሚለው ጥያቄዋ ከዚያ ጀመረ።

በ1956 ፐርል ጊብስ ከምትባል አንጋፋ የአቦርጂናል ታጋይ ጋር ሆና ሲድኒ ውስጥ አንድ ማኅበር አቋቋመች። አቦርጂናልና ነጭ አብረው የሚቀመጡበት ማኅበር። ያኔ ይህ ራሱ ብርቅ ነበር። ከዚያ ጄሲ ስትሪት የምትባል ሌላ የመብት ታጋይ መጣችና ነገሩን በአጭሩ ነገረቻቸው። ሕገ መንግሥቱ ካልተለወጠ ምንም አይለወጥም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ ያለ ሕዝበ ውሳኔ አይነካም። ስለዚህ መቶ ሺህ ፊርማ አምጡ!

እስቲ አስቡት። ኢንተርኔት የለም። ብር የለም። ኤፕሪል 29 ቀን 1957 በሲድኒ ከተማ አዳራሽ የፊርማው ዘመቻ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ፌይዝ ወረቀቱን ይዛ ዞረች። ቤተ ክርስቲያን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሴቶች ክበብ፣ የሰው ሳሎን። አንድ ሰው ፊት ተቀምጣ አስረድታ አስፈርማ ወደ ሌላው። ቤት ውስጥ ባል አለ፣ በ1954 የተወለደች ሴት ልጅ አለች። እኔን ሌሊቱን ያስቀመጠኝ ይኸው ነው። ሜይ 27 ቀን 1967 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 90.77 በመቶው «አዎ» አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ «አዎ» ያገኘ ሕዝበ ውሳኔ የለም።

የምታውቁት ካለ ጨምሩልኝ። ልጄም ታነበዋለች።

የሰኔ ዝናብ

ሐሙዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ አባቷ ከደሴት የመጡ ከሆነ እሷ አቦርጂናል አይደለችም ማለት ነው? ሁለተኛ፣ ከ1967 በፊት አቦርጂናሎች በዕፅዋትና በእንስሳት ሕግ ነበር የሚተዳደሩት፣ የመምረጥ መብትም ያገኙት በዚያ ቀን ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ጋሽ መርሻ (ጡረተኛ መምህር)

ልጄ፣ ሁለተኛውን ልመልስልሽ። ይህን ስህተት እዚሁ ተወልደው ያደጉትም ይደጋግሙታል።

የዕፅዋትና የእንስሳት ሕግ የሚባል አቦርጂናሎችን ያካተተ ሕግ ኖሮ አያውቅም። ወሬው ከምን እንደተነሳ ግን መገመት ይቻላል። ለምሳሌ በምዕራብ አውስትራሊያ ከ1909 እስከ 1920 የአቦርጂናሎችና የዓሣ ሀብት ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ሰውና ዓሣ በአንድ ደጅ! እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ሌላውን ቢያምን አይፈረድበትም።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ፣ በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት በ1962 ለሁሉም ተሰጥቷል። ከክልሎች የመጨረሻዋ ኩዊንስላንድ ናት፤ በ1965። ስለዚህ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ነው።

ታዲያ በ1967 ምን ተለወጠ? ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተነካው። አንዱ አንቀጽ 127 ነው። የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር ሲሰላ አቦርጂናሎች አይቆጠሩም ይል ነበር። እሱ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ሌላው አንቀጽ 51 ንዑስ ቁጥር 26 ነው። የፌዴራሉ ፓርላማ ለማንኛውም ዘር ልዩ ሕግ ማውጣት ይችላል ካለ በኋላ በየክልሉ ያሉትን አቦርጂናሎች ለይቶ ያስቀር ነበር። ያቺ ማስቀሪያ ሐረግ ወጣች።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በዚያች ሐረግ ምክንያት እያንዳንዱ ክልል በአቦርጂናሎች ላይ የየራሱ ሕግ ነበረው። አንዱ ክልል ውስጥ ለማግባት የሹም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሌላው ውስጥ አያስፈልግም። ኩዊንስላንድ ውስጥ የሠራሽበት ደመወዝ በመንግሥት እጅ ይቀመጥና አንቺ የራስሽን ገንዘብ ትለምኛለሽ። ድንበር በተሻገርሽ ቁጥር መብትሽ ይለወጣል። እነ ወይዘሮ ፌይዝ «ማዕከላዊው መንግሥት ኃላፊነቱን ይውሰድ» ያሉት ለዚህ ነው።

የሰኔ ዝናብ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔም ሳላጣራ ለስንት ሰው አውርቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬስ?

ሐመልማል ዘሜልቦርን

በትውልድ አቦርጂናል አይደለችም። አባቷ የደሴት ሰው፣ እናቷ የስኮትላንድና የሕንድ ዘር ያላቸው። ራሷም ደብቃው አታውቅም። ግን በዚያን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር ውስጥ ማደግ ምን ማለት እንደሆነ በቆዳዋ ታውቀዋለች።

ቢኒ ከፉትስክሬይ

የፍራፍሬ ለቀማውን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔ እንደመጣሁ ሰሞን ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ እርሻ ላይ ፒር ለቅሜያለሁ። ክፍያው በሣጥን ነው። ሣጥን ማለት ደግሞ እናንተ የምታስቡት ካርቶን አይደለም፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አጠገቤ ያለው ልጅ ለአንዱ ሣጥን ከእኔ የበለጠ እንደሚከፈለው ሰማሁ። እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። ዝም አልኩ። ኪራይ ነበረብኝ፣ አገር ቤት የምልከው ነበረኝ። ወቅቱ ሲያልቅ ሄድኩ።

ፌይዝ ያየችውን እኔም አይቻለሁ። ልዩነቱ እሷ የተቀነሰባቸውን ሰዎች ነገር ይዛ መውጣቷ ነው። ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩ አዲስ የመጡ ልጆች አሉ። የደመወዝ ወረቀታቸውን አብሬያቸው አነባለሁ፣ የጎደለ ካለ የት እንደሚጠየቅ አሳያቸዋለሁ። ያን ጊዜ ለእኔ እንዲህ የሚያደርግልኝ ሰው አልነበረም።

ሊያ አ.

ሐመልማል፣ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ፐርል ጊብስን «አንጋፋ ታጋይ» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሻት። ልጅሽ እሷን ብትመርጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ፐርል የአቦርጂናል እናት ልጅ ናት። በ1938 ጃንዋሪ 26፣ ነጩ አውስትራሊያ 150ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ አቦርጂናሎች ሲድኒ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው የሐዘን ቀን ብለው ሲሰበሰቡ ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ነበረች። በ1941 ሬዲዮ ላይ ወጥታ ስለ ሕዝቧ ተናገረች። ያኔ አቦርጂናል ሴት በሬዲዮ ስትናገር አልተሰማም ነበር። በ1954 ደግሞ የአቦርጂናሎችን ኑሮ የሚወስነው የክልሉ ቦርድ ውስጥ ገባች። ቦርዱ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት። ፌይዝን ወደዚህ ሥራ የሳበቻትም እሷ ናት።

ሌላም አለ። በ1970 ፋሲካ ካንቤራ ላይ ትልቁ ብሔራዊ ምክር ቤታቸው ተሰብስቦ ነበር፤ ከ1958 ጀምሮ ትግሉን የመራው ማለቴ ነው። እዚያ አቦርጂናሎቹና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሰዎች (እነሱም የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው) «አመራሩን እኛ እንያዘው» አሉ። ፌይዝ ተቃወመች። ድርጅቱ ተሰነጠቀ። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ከነዚያ ሰዎች ጋር ነው። ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ማለት ምን ክፋት አለው?

ሐመልማል ዘሜልቦርን

ሊያ እውነትሽን ነው። ፐርልን አሳንሻታለሁ። ይቅርታ። ልጄ ጽሑፏ ላይ ስለ ፐርል አንድ ገጽ እንድትጨምር ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች።

ስለ 1970 ግን በሙሉ ልቤ ከአንቺ ጋር መሆን አቃተኝ። የነሱ ጥያቄ ትክክል ነው። ያንን አልክድም። ግን ደግሞ አሥር ዓመት ሰው በር ያንኳኳች ሴት «አንቺ የኛ አይደለሽም» ሲሏት ምን እንደሚሰማት አስቢ። ለእሷ ጥቁርና ነጭ አብሮ መሥራቱ የትግሉ ዘዴ ብቻ አልነበረም፤ የምትፈልገው አገር ራሱ እሱ ነው። ባሏ ሃንስ የቪየና አይሁዳዊ ነው። ዳኻውና ቡኸንቫልድ ታስሮ ወጥቶ ነው አውስትራሊያ የደረሰው። ቤታቸው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በዘር መለየትን በየራሱ መንገድ ቀምሶታል። ለዚህ ይመስለኛል ያልተዋጠላት። ልክ ነበረች አልልም። ግን አዘንኩላት።

ጋሽ መርሻ (ጡረተኛ መምህር)

ሁለታችሁም የምትሉት አብሮ ሊቆም ይችላል፣ ልጆቼ። እኔ ደግሞ ለወጣቷ የቤት ሥራ የምትሆን አንዲት ታሪክ ልጨምር።

በ1963 ከምክር ቤቱ የተላኩ ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስን ለማነጋገር ካንቤራ ሄዱ። ወይዘሮ ፌይዝ ነበሩበት። የኩዊንስላንዷ አቦርጂናል ገጣሚ ካት ዎከርም ነበሩበት፤ ኋላ ኡጅሩ ኑነከል የተባሉት ማለት ነው። ውይይቱ አልቆ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንግዳ ተቀባይ ሆነው መጠጥ ልቅዳላችሁ አሉ። ካት ዎከር «እኔ በምኖርበት ኩዊንስላንድ ለእኔ መጠጥ የቀዳ ሰው እስር ቤት እንደሚገባ ያውቃሉ?» አሏቸው። ሰውየው ደነገጡ። የአገሪቱ መሪ የአገራቸውን ሕግ አያውቁትም ነበር!

ያ ሁሉ ፊርማ ከመቶ ሺህ በላይ ሆኖ ፓርላማ ደርሷል። ሜንዚስ ግን አንቀጽ 51ን ለመንካት አልፈለጉም። ነገሩ የተንቀሳቀሰው እሳቸው ከወረዱ በኋላ በሃሮልድ ሆልት ጊዜ ነው። የተቃውሞ ድምፅ የሰጠ የፓርላማ አባል ስላልነበረ «አይ በሉ» የሚል ይፋዊ ክርክር እንኳን አልተዘጋጀም።

እዚህ አገር በሕዝበ ውሳኔ ምልክት አይደረግም፤ መራጩ በእጁ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ይጽፋል። በዚያ ቀን ሚሊዮኖች እርሳስ ይዘው «አዎ» ብለው ጻፉ። ይህን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ቢኒ ከፉትስክሬይ

ጋሼ፣ ሁሉም አዎ ካለ ለምን ታዲያ ኑሯቸው አልተለወጠም? ሥራ ቦታዬ ያለ አንድ አቦርጂናል ሽማግሌ ስለ 1967 ስጠይቀው ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ማስከፋቴ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩትም።

ሊያ አ.

ቢኒ፣ 90 በመቶው የአገሩ አማካይ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ 81 በመቶ ገደማ ነበር። ብዙ አቦርጂናል በሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች ደግሞ «አይ» ያለው ሰው ከከተማው በዛ ያለ ነው። ከሩቅ ማዘን ቀላል ነው፤ አጥር የሚጋራው ነው ያንገራገረው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሰሜን ግዛት ነዋሪዎች ነገር ነው። እዚያ በጣም ብዙ አቦርጂናል ይኖራል። ያኔ ግን የግዛቱ ነዋሪ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ አይሰጥም ነበር። ያ የተፈቀደው በ1977 ነው። ስለ እነሱ ሲወሰን እነሱ የሉም።

ከድምፁ በኋላም የሆልት መንግሥት ሥልጣኑን ይዞ ቁጭ አለ። በ1972 ወጣቶቹ ካንቤራ ፓርላማው ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው «ኤምባሲያችን ይህ ነው» ያሉት ትዕግሥታቸው ስላለቀ ነው። የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1975 መጣ። የሰሜን ግዛት የመሬት መብት ሕግ በ1976። አገሪቱ የማንም አልነበረችም የሚለው አስተሳሰብ በፍርድ ቤት የወደቀው በ1992፣ በማቦ ክስ ነው። ሽማግሌው ራሱን ቢነቀንቅ አልፈርድበትም። ደግሞ ሂድና አናግረው። ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ራሱ ጠይቀው።

የሰኔ ዝናብ

የ2023ቱ ሕዝበ ውሳኔስ? ያኔ እኔም መርጫለሁ። የአቦርጂናሎች «ድምፅ» የሚባል አማካሪ አካል በሕገ መንግሥቱ ይግባ የሚለው። 60 በመቶው «አይ» ብሎ ወደቀ። ፌይዝ በ2015 ባትሞት ምን ትል ነበር እያልኩ ነው።

ጋሽ መርሻ (ጡረተኛ መምህር)

በሳቸው አፍ ለመናገር አልደፍርም። ግን ዘዴያቸውን አውቀዋለሁ። የ1967ቱ «አዎ» የአንድ ምርጫ ሰሞን ሥራ አልነበረም። ድምፁ ሲሰጥ ሰዉ ወረቀቱን አሥር ዓመት አይቶታል፣ ከሴትየዋ ጋር ሳሎኑ ውስጥ ሻይ ጠጥቷል፣ ጎረቤቱ ሲፈርም አይቷል። ሁሉም ፓርቲ ደግሞ ደግፎታል። በ2023 ይህ አልነበረም፤ ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ «አይ» ብሏል። እዚህ አገር ሁለቱ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሳይስማሙ ያለፈ ሕዝበ ውሳኔ የለም።

ሊያ አ.

ሐመልማል፣ ትናንት ማታ ስለ ፌይዝ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። በ1951 ለወጣቶች ፌስቲቫል በርሊን ሄዳ ነበር። ስትመለስ ፓስፖርቷን ቀሟት። ለአሥር ዓመት ያህል! የደኅንነት ሰዎችም ይከታተሏት ነበር። የፊርማው ዘመቻ የተጀመረውም በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ስለ 1970 ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ሴትየዋ ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለች አሳንሼ ነበር ያየሁት።

ሐመልማል ዘሜልቦርን

ሊያዬ አመሰግናለሁ። ልጄ የቤት ሥራዋን ጨርሳለች፤ የመጨረሻውን ክፍል ልንገራችሁ። እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ፌይዝ በ1973 ከምክር ቤቱ ኃላፊነቷ ለቀቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሷ ወደ አባቷ ሰዎች ዞረች። በሸንኮራ እርሻ የቀሩት የደሴቶቹ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በመንግሥት ፊት ስም አልነበራቸውም። አቦርጂናል አይደሉም፣ ለአቦርጂናሎች የተከፈተው ዕድል አይደርሳቸውም። ነጭም አይደሉም። ጭራሽ በ1901 በወጣ ሕግ አብዛኞቹ አያቶቻቸው ተጠርዘው ወደ ደሴቶቹ ተመልሰዋል፤ የቀሩት በስንት ልመናና ሽሽት የቀሩ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች እንደገና መጻፍ፣ እንደገና መዞር ጀመረች። ስድሳ ዓመቷ እየተቃረበ ነው እኮ! መንግሥት የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ሕዝብ መሆናቸውን በይፋ የተቀበለው በ1994 ነው። ሃያ ዓመት።

በ1975 አምብሪም ሄደች። አባቷ ልጅ ሆነው ከተወሰዱ ከ92 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ልጄ ጽሑፏ መጨረሻ ላይ ካርታ ሣለች። ከአምብሪም ወደ ማካይ አንድ መስመር፣ ከማካይ ወደ ተምበልገም አንድ መስመር፣ ከተምበልገም ወደ ሲድኒ። የመጨረሻውን መስመር ከሲድኒ ወደ አምብሪም መልሳ ሣለችውና «ማሚ፣ ይሄኛውን በሌላ ቀለም ላድርገው?» አለችኝ። አድርጊው አልኳት። ቀይ አደረገችው።